በአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ አመጣጥ
የአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ዕድሜው ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ነው። ከዚያ በፊት አካል ጉዳተኛ ልጅን ከትምህርት ቤት ደጃፍ መመለስ በብዙ ግዛቶች የተፈቀደ ነበር። የዊስኮንሲን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1919 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአንድ ልጅን መባረር አጽድቋል። ልጁ በቀለም ትምህርት ከእኩዮቹ አያንስም ነበር፤ የተባረረው የአነጋገሩና የፊቱ ሁኔታ ሌሎችን ይረብሻል ተብሎ ነው።

መንገዱን የከፈተው የጥቁሮች ትግል ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በብራውን መዝገብ ተማሪን በዘር መለየትን ሲሽር፣ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች ያንኑ ክርክር ወረሱት። በፔንሲልቬኒያ የወላጆች ማኅበር በ1971 ግዛቱን ልጆቹን እንዲያስተምር በፍርድ ቤት ስምምነት አሰረ። በ1972 በዋሽንግተን ከተማ በሚልስ መዝገብ የትምህርት ቦርዱ ገንዘብ የለኝም ብሎ ተከራከረ፤ ዳኛው ግን የበጀት እጥረት ከሌሎች ይልቅ በእነዚህ ልጆች ላይ ሊከብድ አይገባም ሲሉ ወሰኑ። ከሁሉም ውሳኔዎች የጠነከረው ይህ ይመስለኛል።

የ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አካል ጉዳተኞችን እንዳያገል ከለከለ። ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ለዓመታት ተጓተተ። በሚያዝያ 1977 አካል ጉዳተኞች በሳን ፍራንሲስኮ የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ገብተው ለአንድ ወር ገደማ አንወጣም አሉ፤ ደንቡም ወሩ ሳያልቅ ተፈረመ። ከመሪዎቹ አንዷ ጁዲት ሂውማን ነበሩ፤ በልጅነታቸው ተሽከርካሪ ወንበራቸው ለእሳት አደጋ ያጋልጣል ተብለው ከትምህርት ቤት የተመለሱ ሴት።

ዋናውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ፕሬዚዳንት ፎርድ ኅዳር 1975 ፈረሙት፤ ከአቅም በላይ ቃል ይገባል እያሉ እያማረሩ ነው የፈረሙት። በዚያን ጊዜ ኮንግረሱ ራሱ አንድ ሚሊዮን አካል ጉዳተኛ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ፈጽሞ ውጭ መሆናቸውን መዝግቧል። ሕጉ ለእያንዳንዱ ልጅ ነፃና ተገቢ ትምህርት፣ በጽሑፍ የተዘጋጀ የግል የትምህርት ዕቅድ፣ በተቻለ መጠንም ከሌሎች ልጆች ጋር የመማር መብት ሰጠ። በ1990 ስሙ ተለውጦ ኦቲዝም በዝርዝሩ ተካተተ። ፌዴራል መንግሥቱ ከተጨማሪው ወጪ እስከ 40 በመቶ ይሸፍናል ቢባልም፣ እዚያ ደርሶ አያውቅም።

«ተገቢ» ማለት ምን ማለት ነው? ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህ ቃል ላይ ነው። በ1982 በራውሊ መዝገብ መስማት የተሳናት ተማሪ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ተከለከለች፤ ከክፍል ወደ ክፍል እያለፈች ስለሆነ ይበቃታል ተባለ። በ2017 በኤንድሩ መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ መለኪያውን ከፍ አደረገ፤ ዕቅዱ ልጁ እንደየሁኔታው ወደፊት እንዲራመድ የሚያስችል ሊሆን ይገባል አለ።

ሕጉን በየዕለቱ የሚያስከብሩት ግን በአብዛኛው ወላጆች ናቸው። በዕቅዱ ካልተስማሙ ገለልተኛ ሰሚ ፊት ይከራከራሉ፤ ክርክሩ እስኪያበቃ ልጁ ካለበት አይነሣም። ከ1986 ጀምሮ የረታ ወላጅ የጠበቃ ወጪውን ማስመለስ ይችላል። በ2005 ግን የማስረዳት ሸክሙ በአመልካቹ ላይ እንዲወድቅ ተወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የረታ ወላጅም ቢሆን ለባለሙያ ምስክር የከፈለውን እንደማያስመልስ ተበየነ።