የሳምፕለር ማሲንቆ ለምን ማሽን ማሽን ይላል? ስለ ኤልኤፍኦና ሞጁሌሽን ዊል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥምቀት አልፎ የጥር ሠርግ ሲጀመር ጎንደር ላይ ያሉ የቤት ስቱዲዮዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። አዝማሪው በሰዓቱ ካልተገኘ በላፕቶፕ ያለው የሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅ በኪቦርድ የሚያጫውት ፕሮግራም) ማሲንቆ ይገባል። ድምፁ ከእውነተኛ ማሲንቆ የተቀዳ ሆኖ ሳለ ሲሰማ ግን ሕይወት የሌለው ነገር ይሆናል። ሁሉም ሳምፕሉን (ቅጂውን) ይወቅሳል፤ እኔ ጥፋቱን አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ኤልኤፍኦው (ድምፁን የሚያወዛውዘው ዝግተኛ ሞገድ) እና እንደ ሞጁሌሽን ዊል (ኪቦርዱ ላይ በጣት የሚዞረው ጎማ) ያሉት የእጅ መቆጣጠሪያዎች ላይ ነው።

«ኤልኤፍኦ የድምፅ ኢፌክት ነው»

ኤልኤፍኦ ራሱ አይሰማም። አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በታች የሚወዛወዝ ሞገድ ነው፤ ጆሯችን እንደ ድምፅ መስማት የሚጀምረው ከ20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ጊዜ) አካባቢ ወደ ላይ ነው። ሥራው ሌላውን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ፒች (የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት) ላይ ሲታሰር ቪብራቶ፣ ቮልዩም ላይ ሲታሰር ትሬሞሎ ይሆናል፤ ፊልተር ላይ ከሆነ ድምፁ ይከፈታል ይዘጋል። «ኤልኤፍኦ ጨምርበት» የሚል ሰው ምኑ ላይ እንደሆነ ካልተናገረ ምንም አልተናገረም።

«ቪብራቶ በበዛ ቁጥር ማሲንቆ ማሲንቆ ይላል»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳም የለውም። ተጫዋቹ ጭራውን ከጎን ይነካዋል፣ ድምፁን ይይዛል፣ መነቅነቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጫጭር ኖታዎች ላይ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ኤልኤፍኦ ግን ዝም ብላችሁ ከከፈታችሁት ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ሁሉንም ኖታ እኩል ያንቀጠቅጣል፤ ጆሮ የሚያውቀው ይህንን እኩልነት ነው።

ፍጥነቱን ከ5 እስከ 6 ኸርዝ፣ ጥልቀቱን ከ20 እስከ 30 ሴንት አድርጋችሁ ጀምሩ፤ አንድ ሰሚቶን (ከአንዱ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ያለው) 100 ሴንት ነው። የመዘግያ ማስተካከያ ካለው 300 ሚሊሰከንድ ገደማ ስጡት፣ ቀስ ብሎም ይግባ። ከዚያ ጥልቀቱን ከሞጁሌሽን ዊሉ ጋር እሰሩት። የት እንደሚነቀነቅ እጃችሁ ይወስን።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ሳምፕሉ ሲቀዳ የተጫዋቹ ቪብራቶ አብሮ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል። ተራ ሳምፕለር ኖታውን ከፍ የሚያደርገው ቅጂውን አፍጥኖ በማጫወት ነው። ስለዚህ በ5 ኸርዝ የተቀዳው መነቅነቅ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ሲጫወት 10 ኸርዝ ይሆናል፤ ያ ማሲንቆ ሳይሆን ብርድ የያዘው ሰው ነው። በዚያ ላይ ኤልኤፍኦ ከጨመራችሁ ሁለቱ ይጣላሉ። በመጀመሪያ ኤልኤፍኦውን አጥፍታችሁ ሳምፕሉን ብቻውን አድምጡ፤ ራሱ የሚነቀነቅ ከሆነ በየጥቂት ኖታው የራሱ ቅጂ ያለውን ሳምፕል ፈልጉ።

«ሞጁሌሽን ዊል ማለት ቪብራቶ ማለት ነው»

ዊሉ የሚልከው ከ0 እስከ 127 ያለ ቁጥር ብቻ ነው፣ በሚዲ (የኪቦርድና የኮምፒውተር መነጋገሪያ) ቋንቋ ሲሲ 1 (መቆጣጠሪያ ቁጥር 1)። ቁጥሩ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ሳምፕለሩ ነው፤ አንዱ ላይ ቪብራቶ፣ ሌላው ላይ ከለስላሳ ቅጂ ወደ ጠንካራ ቅጂ መሸጋገሪያ ይሆናል። ደግሞ ዊሉ እንደ ፒች ቤንድ (ኖታውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚጎትተው መቆጣጠሪያ) በራሱ ወደ ቦታው አይመለስም። ከፍ ብሎ ከተተወ ቀጣዩ ዘፈን ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፣ ሰውም ሳምፕሉ ተበላሸ ይላል።

«ፒች ቤንድ የሚጎትተው ሁለት ሰሚቶን ብቻ ነው»

የተለመደው መነሻ ሁለት ስለሆነ ነው እንጂ ሳምፕለሩ ላይ ይቀየራል። 12 አድርጎ መተው ግን አይመከርም፤ ትንሽ ስትነኩት ከቅኝቱ ያወጣችኋል። ለማሲንቆ መንሸራተት ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ፒች ቤንድ 16,384 ደረጃ ስላለው 128 ብቻ ካለው ዊል ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተቱን ለእሱ ተዉለት።

«ጠንክሬ ከመታሁት ይበቃል»

ለክራር ይበቃል። ቬሎሲቲ (የአመታቱ ጥንካሬ) የሚነበበው ቁልፉ ሲመታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የማሲንቆ ደጋን ግን ድምፁ እስኪያልቅ ይሄዳል ይመለሳል። ያንን የሚሰጠው ኤክስፕሬሽን፣ ሲሲ 11 ነው። ሲሲ 7ን (ዋናውን ቮልዩም) ድምፆችን ለማመጣጠን፣ ለሚክስ ተዉት።

«ኤልኤፍኦውን ከቴምፖ ጋር ካሰርኩት ሁሌም ይገጥማል»

እስክስታ ላይ ይህ ያስቃል። የእስክስታው ምት ችክችካ በ6/8 የሚሄድ ነው፤ ብዙዎች ግን ፕሮጀክቱን በ4/4 ይከፍቱና ምቱን በትሪፕሌት (አንዱን ምት ለሦስት እኩል በመክፈል) ይሠሩታል። ኤልኤፍኦው ተራ አንድ ስምንተኛ (ምቱን ለሁለት የሚከፍለው) ላይ ከታሰረ በ120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) በ4 ኸርዝ ይመታል፤ የከበሮው ትሪፕሌት ግን 6 ኸርዝ ነው። ትሬሞሎው ከከበሮው ጋር ሲገፋፋ ይሰማል። ሳምፕለሩ የትሪፕሌት ምርጫ ካለው እሱን ምረጡ። ቪብራቶን ግን ከቴምፖ ጋር ባታስሩት ይሻላል ባይ ነኝ፤ በምት የሚነቀነቅ ጣት አላየሁም።

«ዊል የሌለው ኪቦርድ አይሆንም»

ይሆናል። ትርፍ ኖብ ካለ ሲሲ 1 ማድረግ ይቻላል፤ ከሌለ ኖታውን ቀድታችሁ መስመሩን በማውስ ሳሉት። ፋይሉን ወደ ሌላ ስቱዲዮ ስትልኩ ግን ሚዲውን ብቻ አትላኩ። ሚዲው «ሲሲ 1፣ 80» ብቻ ነው የሚለው፤ እዚያ ያለው ሳምፕለር ዊሉን ፊልተር ላይ አስሮት ከሆነ የለፋችሁበት ቪብራቶ የድምፅ መክፈቻና መዝጊያ ይሆናል። ኦዲዮውንም አያይዙ።