ጳጳስ በሕግ አውጪ ወንበር፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ ሰንበቴ ላይ ክርክር ተነሣ። ለንደን የኖረ ዘመዳችን «እዚያ እኮ ጳጳስ ሕግ ያወጣል» አለ። ወዲያው «ታዲያ የእኛ አባቶች ለምን ይቀራሉ?» የሚል መጣ። ጥያቄው መልካም ነው። ሲባል የነበረው ግን ብዙው ስህተት ነበር።

«እንግሊዝ ሁሉም ሃይማኖት ወንበር አለው»

የለውም። የብሪታንያ ፓርላማ ላይኛው ክፍል በሆነው በሎርዶች ምክር ቤት ለጳጳሳት የተጠበቀው ወንበር 26 ነው። ሁሉም የእንግሊዝ (አንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ አንድም ጳጳስ አይልኩም። ካቶሊኮችን ደግሞ የራሳቸው ቀኖና ካህን የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዝ ይከለክላቸዋል። የአይሁድ ሃይማኖት መሪው ራቢ ጆናታን ሳክስ እ.ኤ.አ. በ2009 የገቡት በግላቸው ተሹመው እንጂ ለአይሁድ በተመደበ ወንበር አይደለም።

«አንዴ ከገቡ እስከ ሞት ነው»

አይደለም። ጳጳሱ 70 ዓመት ሞልቶት ከመንበሩ ሲሰናበት ወንበሩንም ይለቃል።

«ምክር ቤቱ ሲሻሻል ጳጳሳቱ ይወጣሉ»

ይህ ገና አልተቆረጠም። እ.ኤ.አ. በ2000 ምክር ቤቱን ስለማሻሻል ያጠናው፣ በሎርድ ዌካም የተመራው ኮሚሽን 26ቱ ወንበር ለክርስቲያኖች ይቆይ፣ 16ቱ ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ 10ሩ ለሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ይሁን አለ። ክርስቲያን ላልሆኑ እምነቶችም ቢያንስ 5 ሰው ይጨመር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበው የማሻሻያ ረቂቅ ሕግ ደግሞ ጳጳሳቱን ወደ 12 ሊያወርድ ነበር፤ መንግሥት ራሱ ተወው።

ለእኔ ከባዱ ነገር ቁጥሩ አይደለም። «ማን ይወክላል?» የሚለው ነው። ሲኖዶስ ያለው አንድ አባት መርጦ ይልካል። አንድ አለቃ የሌለው እምነትስ? መራጩ መንግሥት ከሆነ የሃይማኖት ውክልና መሆኑ ቀረ፤ ሹመት ሆነ።

«በንጉሡ ጊዜ አባቶች በሕግ መወሰኛው ድርሻ ነበራቸው»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እየተምታታ ነው። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጓል። ሊቀ ጳጳሱንም ንጉሡን በሚያማክረው በዘውድ ምክር ቤት አስቀምጧል። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት (የፓርላማው ላይኛው ክፍል) አባላትን ግን የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ተቆርጦ የተቀመጠ ኮታ አልነበረም።

ጎጃሜ የዚያን ጊዜ ፓርላማ የሚያስታውሰው በሌላ ነገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው «ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ። ሞጣና ቢቸና ሳይቀሩ ሸፈቱ። ያኔ የጎደለው የጳጳስ ወንበር አልነበረም፤ የገበሬው ነበር።

«ዛሬ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር መጨመር ቀላል ነው»

በዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 መሠረት ምክር ቤቱ የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ነው። ዋና ሥራውም ሕገ መንግሥት መተርጎም እንጂ ሕግ ማውጣት አይደለም። አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ይህን ለመለወጥ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ማጽደቅ አለባቸው። ቀላል የሚባል አይደለም።

«ወንበር የሌለው ድምፅ የለውም»

በጣም የምቃወመው ይህን ነው። እኛ አገር ሰው ሲገደል ደም የሚያደርቀው ማን ነው? ሽማግሌው ከቄሱ ጋር ወጥቶ ነው። ቄሱ መስቀል ይዞ ከሟች ቤት ወደ ገዳይ ወገን፣ ከዚያ ወደዚህ ይመላለሳል። ፖሊስ የማይደፍረው ግቢ እሱ ይገባል። ግዝት ሲያወጣ የታጠቀ ጎረምሳ ይቆማል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የማንም ወገን ስላልሆነ ነው።

አባቶች በረቂቅ ሕግ ላይ ይናገሩ፤ ጮክ ብለው ይናገሩ። መገሠጽም መብታቸው ነው። ድምፅ ሰጪ ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ድምፃቸው ይቆጠራል፣ ይመዘገባል። ትናንት ለአንዱ ወገን እጁን ያወጣ ቄስ ነገ ማታ መስቀሉን ይዞ ሲመጣ፣ የተሸነፈው ወገን በሩን ይከፍትለታል?