የእንሽላሊት ቅርፊት፦ አሠራሩና አመጣጡ

ከአንኮበር ወደ ቆላው ሲወረድ፣ ፀሐይ ጠንከር ስትል ካብ ላይ ወጥታ የምትሞቅ እንሽላሊት ብርቅ አይደለችም። የሸፈናት ቅርፊት ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት አንድ በአንድ የሚነቀል አይደለም። ቆዳዋ ራሱ እየታጠፈ የሠራው ነው። አንዱ በሌላው ላይ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ይደራረባል። በመካከል ያለው መታጠፊያ ስስና ለስላሳ ስለሆነ እንደ ልቧ ትጣጠፋለች።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርፊቱ ንብርብር ነው። ከላይ ቤታ ኬራቲን የተባለው ጠንካራ ፕሮቲን አለ። ከሥሩ ደግሞ የሚለጠጠው አልፋ ኬራቲን፤ የእኛም ጥፍርና ፀጉር የተሠራው ከአልፋ ኬራቲን ነው። በሁለቱ መካከል ቅባት ያዘለ ስስ ሽፋን አለ። ብዙ ሰው እንስሳዋን ከድርቀት የሚያድናት ቅርፊቱ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ግን የቅባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ በሆነ ጥናት ቅርፊት አልባ ሆኖ የተወለደ እባብ ተመርምሮ ነበር። ከቆዳው የሚያጣው ውሃ ከባለቅርፊቶቹ የተለየ ሆኖ አልተገኘም።

የቅርፊቱ የላይኛው ገጽ ለዓይን ልሙጥ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ጥቃቅን ሸንተረር፣ ጉድጓድና እሾህ ሞልቶታል። ቆዳዋን ልትቀይር ስትል አዲሱ ንብርብር ከአሮጌው ሥር ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ይጠብቃል። ከዚያ አሮጌው ይላቀቃል፤ በአብዛኞቹ እንሽላሊቶች እየተቦጨቀ ነው የሚወርደው።

እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሞቃት አገር ማታ ማታ ግድግዳ ላይ የምትሮጠዋ ጌኮ የተባለች እንሽላሊት ይህን እሾህ ለሌላ ሥራ አውላዋለች። ከጣቶቿ ሥር እሾሁ ረዝሞ ፀጉር መሰል ሆኗል። የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ደግሞ በመቶዎች ተሰንጥቋል፤ የአንዱ ጫፍ ስፋት 200 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሙጫ የሚባል ነገር የለም። የሚይዛት በጫፎቹና በግድግዳው ሞለኪውሎች መካከል ያለው ደካማ ስበት ነው። ብዛቱ ነው ጉልበት የሚሆነው።

የእስስት ቀለም መለዋወጥ የመጣው ከቅርፊቱ ሳይሆን ከሥሩ ካሉ ሴሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በማዳጋስካር እስስት ላይ በወጣ ጥናት፣ በሴሎቹ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች መካከል ያለው ርቀት ሲቀየር ቀለሙም እንደሚቀየር ታይቷል።

አመጣጡ ለእኔ ከሁሉም ይልቃል። የእንሽላሊት፣ የወፍና የአጥቢ እንስሳት የጋራ ቅድመ አያት ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት በየብስ ላይ ይኖር ነበር። ቅርፊት፣ ላባና ፀጉር ከአንድ ምንጭ ይምጡ አይምጡ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በአዞ፣ በእባብና በእንሽላሊት ፅንስ ላይ፣ ላባና ፀጉር የሚበቅልበትን ዓይነት ትንሽ የቆዳ እብጠት አገኙ። ኢዲኤ የተባለው ጂን የተበላሸባት የአውስትራሊያ ጺማም እንሽላሊት ጭራሽ ቅርፊት አታወጣም። ያው ጂን በሰው ላይ ሲበላሽ ፀጉር ይሳሳል፣ ጥርስ ይጎድላል፣ ላብም እንደ ልብ አይወጣም።