አፍ ሲደመር መፍቻ፦ ስለ ሥዕልና ስለ ቃል እንቆቅልሽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምውለው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ እንቆቅልሽ እሠራለሁ፤ በሥዕል፣ በፊደል፣ አንዳንዴም በቁጥር። ማታ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ወዳሉበት የቴሌግራም ግሩፕ እልከዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ እስኪያንቀላፉ ድረስ ነው። ጥያቄ መሥራቱ አያደክመኝም። የሚያደክመኝ ሰው ስለ እንቆቅልሽ ይዞት የሚመጣው እምነት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«የሥዕል እንቆቅልሽ የፈረንጅ ነው፣ በአማርኛ አይሠራም»

አንድ ማታ ይህን ሥዕል ላክሁ። በግራ የተከፈተ አፍ፣ መሐል ላይ የመደመር ምልክት፣ በቀኝ መካኒክ ብሎን የሚፈታበት መፍቻ። ሌላ ምንም የለም። አንዱ «የጥርስ ሐኪም» አለ። ሌላው «ጥርስ ማውለቂያ» አለ። «አፍህን ዝጋ ማለት ነው» ያለም ነበር፤ እሱ እንኳ ለእኔ የተላከ መልእክት ሳይሆን አይቀርም። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ግን ከሥራ ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት ሁለት ቃል ጽፎ ዝም አለ፦ «አፍ መፍቻ»። ልክ ነው፤ አፍ መፍቻ ቋንቋ። ሌሎቻችን ዕቃውን ስናይ ብረት ታየን፣ ሥራው ታየን። እሱ ቀኑን ሙሉ «መፍቻ አቀብለኝ» ሲባል ስለሚውል መጀመሪያ የመጣለት ስሙ ነው።

ዘዴው እሱ ነው። ሥዕሉን በመልኩ ሳይሆን በስሙ ማንበብ። ዓይን ሥሎ ከጎኑ ግመል የሚነዳ አፋር ማቆም ነው፤ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው «ዓይን አፋር» ለማለት አይቸገርም። ልብ ሥሎ ከጎኑ የባንክ ደብተር ላይ ወለድ የገባበትን መስመር ማሳየት ነው፤ «ልብ ወለድ» ይወጣል። ፈረንጆች ይህን ዓይነቱን ሪበስ ይሉታል። ስሙ የእነሱ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ ባዳ አይደለም። ቅኔ ቤት አንዱን ቃል ሁለት ትርጉም አሸክመው ኅብረ ቃል ይሉታል። እዚህም ሥዕሉ ሰሙ ነው፤ እሱ ሲቀልጥ ወርቁ ይወጣል። አክስቴ ስማርት ስልክ የያዘችው በቅርቡ ነው፣ በሥዕል ጥያቄ ግን የዩኒቨርሲቲ ልጆችን ትቀድማለች። ለቅሶ ቤት የአልቃሽ ግጥም ስትፈታ የኖረች ሴት ናት።

«ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ለመስቀለኛ ቃል አይመችም»

ይህ ግማሽ እውነት ስላለበት ጠንከር ያለ ነው። መስቀለኛ ቃል፣ ቃላት በሳጥን ወደ ጎንና ወደ ታች እየተጠላለፉ የሚሞሉበት ጨዋታ፣ የተወለደው በ26 ፊደል ነው። የሊቨርፑሉ ተወላጅ አርተር ዊን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 ኒው ዮርክ ዎርልድ በተባለው ጋዜጣ የእሑድ ዕትም ላይ አወጣው፤ የመጀመሪያው ቅርጹ አራት ማዕዘን ሳይሆን እንደ ጌጥ ድንጋይ ሾል ያለ ነበር። የእኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ ቋ፣ ኳ፣ ጓ እና ጓደኞቻቸው ሳይቆጠሩ።

ታዲያ የሚቸገረው ማን ነው? ሠሪው። «ቦርከና» ብዬ ወደ ጎን ጻፍኩ እንበል፤ አራት ሳጥን። በ«ከ» ላይ ወደ ታች «ከተማ»ን ማውረድ እችላለሁ። «ኩታ»ን ግን አልችልም፤ «ኩ» «ከ» አይደለችማ። በላቲን ፊደል ቢሆን አንዷ ፊደል ለሁለቱም ትበቃ ነበር። ለዚህ ነው እርሳሴ ሳያልቅ ላጲሴ የሚያልቀው።

ለፈቺው ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ሳጥን በሞላ ቁጥር ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ያገኛል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ቃሉም አጭር ነው። ኮምቦልቻ በላቲን ዘጠኝ ሳጥን ስትፈጅ በእኛ አምስት ይበቃታል። ደሴማ ሁለት ናት።

የሚያጣላው ሌላ ነው። «ከደሴ በስተሰሜን ያለ ውሃ፣ ሦስት ሳጥን» ብዬ ነበር። ግማሹ «ሐይቅ» ግማሹ «ሀይቅ» ብሎ ላከ፤ ከዚያ ማን ያስታርቃቸው! እስከ እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ለምስክርነት ተጠራ። አሁን ሕጋችን ተጽፎ ግሩፑ አናት ላይ ተሰቅሏል፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በጨዋታ ጊዜ እኩል ናቸው። ቅር ያላቸው ሰዎች አሉ። ጽሑፍ ላይ ቢሆን እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ነገር ግን ፈቺው ቃሉን አውቆት ሳለ በሐመሩ ሐ የሚወድቅ ከሆነ ጥያቄው እንቆቅልሽ መሆኑ ቀርቶ የቃል ጽሕፈት ፈተና ይሆናል። ሕጉን ሳይናገር የጠየቀ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አለመጻፉም እንደ ጉድለት ይነሳል። ለእኔ ሀብት ነው። «አለ»ን አላልቶ የሚያነብ ሰው ተናገረ ይላል፣ አጥብቆ የሚያነብ ኖረ ይላል። «ዋና» ከውሃ ውስጥም ከአለቃ ወንበር ላይም ይገኛል። «ሰፊ» ሜዳም ነው፣ ልብስ የሚሠራ ሰውም ነው። በዚህ ላይ ግሩፓችን ውስጥ ያሉ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የሠሯትን ልንገራችሁ፤ የምንገራችሁ ግን በሚቀጥለው ርዕስ ሥር ነው፣ ምክንያቱም አዋርዳኛለች።

«አፍጥጦ ያየ ያገኘዋል፤ ያቆመ ሰነፍ ነው»

የመምህሩ ጥያቄ እንዲህ ነበረች፦ «ሳይደርስ እንለዋለን፣ ሲደርስ እንጫወተዋለን፤ ሁለት ሳጥን።»

ሁለት ሌሊት አፈጠጥኩባት። እንግዳ ነው አልኩ፤ እንግዳ አይጫወቱትም፣ ከእሱ ጋር ነው የሚጫወቱት። ዕጣ አልኩ፤ አልተስማማም። በሦስተኛው ቀን ወረቀት ላመጣ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎ ጋ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ከኋላዬ ያለ ሕፃን «እማ፣ ደረስን?» አለ። እናቱ «ገና ነው» አለችው። ሁለት መታጠፊያ ሳናልፍ እንደገና «እማ፣ ደረስን?» «ገና ነው አልኩህ እኮ!» ያኔ ነው ራሴን በእጄ የመታሁት። ሳይደርስ «ገና» እንላለን፣ «ና»ን አላልተን። በዓሉ ሲደርስ ደግሞ ገናን እንጫወታለን፣ «ና»ን አጥብቀን። መልሱን እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ልልክ ስል ኔትወርክ የለም። ገርባ ያለች አንዲት ልጅ ቀደመችኝ። ይሁን፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

ትቶ መሄድ ሽንፈት ያልሆነው እንግዲህ ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ሥራ 117 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ጥያቄን ለጊዜው ትቶ መመለስ በእርግጥ እንደሚረዳ አሳይቷል። በቃል ጥያቄዎች ላይ ደግሞ በመሐል የሚሠራው ነገር ቀለል ያለ ሲሆን ጥቅሙ ይጎላል። ዕቃ ማጠብ፣ ቡና መቁላት፣ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ። አእምሮ የተሳሳተውን መንገድ የሚረሳው ከጥያቄው ሲርቅ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ «እንግዳ» የሚለውን ካልረሳሁ «ገና» በየት ይገባል?

«ዳንሰኛዋ ወደ ቀኝ ከዞረችልህ ቀኝ አንጎልህ ነው የሚሠራው»

ጥላ ብቻ ሆና የምትሽከረከረዋን ሴት ያላየ ስልክ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። በየወሩ አንድ ሰው አምጥቶ ይለጥፋታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራት ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ካያሃራ ነው። የተሠራችው የሰው ጠባይ ለመለካት አይደለም። ጥቁር ጥላ ስለሆነች የትኛው እግሯ ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት የለባትም፤ ስለዚህ ዓይናችን ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፣ ሁለቱም ልክ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የላይኛውን አካሏን በመዳፍ ሸፍኖ እግሯን ብቻ ትንሽ ማየት፤ ለብዙ ሰው በድንገት ትገለበጣለች። በአምስት ሰከንድ ውስጥ አንጎል ተቀየረ ማለት ነው እንግዲህ?

ወጣት ሴትም አሮጊትም ሆና የምትታየዋ ሥዕልም እንደዚሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ1888 በጀርመን ፖስትካርድ ላይ ነበረች፣ በ1915 ዊልያም ኢሊ ሂል የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ አሳምሮ አወጣት። መጀመሪያ አሮጊቷን ያየ ሰው ቁም ነገረኛ ነው የሚባለው ኋላ የተለጠፈባት ነው።

«ከ100 ሰው 99ኙ አይፈታውም»

ይህን የጻፈ ሰው 100 ሰው ሰብስቦ አልጠየቀም። ጽሑፉ እልህ ለማስገባት ነው፤ እልህ የገባው ሰው ደግሞ ለሌላው ይልካል። ከበስተጀርባው ብዙ ጊዜ ያለው ከባድ ጥያቄ ሳይሆን የተድበሰበሰ ጥያቄ ነው። ፍራፍሬ በቁጥር ፈንታ የሚደመርበትን የሙዝና የፖም ድምር ታውቁታላችሁ። ከላይ የሙዙ ዘለላ አራት ፍሬ አለው፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ሦስት። ልብ ብሎ ላየ ሰው ደስ ይላል። ነገር ግን ምስሉ ተቀንሶ ተቀንሶ በደበዘዘ ስልክ ላይ ሲደርስ ማን ይቆጥረዋል?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ሦስት ማዕዘን ሥዬ ከአናቱ ወደ መሠረቱ ሦስት መስመር አወረድኩ፣ በመሐሉም ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ አንድ መስመር ሳብኩ። «ስንት ሦስት ማዕዘን አለ?» ብዬ፣ መልሱ 14 ነው ብዬ ለጠፍኩ። በጣቴ ነበር የቆጠርኩት። ኮምቦልቻ ያለ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ ይቅርታ፣ 20 ነው» ብሎ ጻፈልኝ። አሠራሩን እንዲያስረዳ ጠየቅኩት። ከአናቱ የሚወርዱት መስመሮች ከሁለቱ ጎኖች ጋር አምስት ናቸው፤ ከአምስቱ ሁለት ሁለቱን ስንመርጥ 10 ጥንድ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ጥንድ በመሐለኛው መስመር አንድ፣ በመሠረቱ አንድ ሦስት ማዕዘን ይዘጋል፤ 10 ሲባዛ በ2። ተራ በተራ መቁጠር ዓይንን ያታልላል። 14 ብለው የመለሱ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ቀድሜ መልሱን ባልለጥፍ አይሳሳቱም ነበር።

«ሱዶኩ የጃፓን ሒሳብ ነው»

ሱዶኩ ከ1 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮች ሳይደጋገሙ ሳጥን የሚሞሉበት ጨዋታ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የጃፓን። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው አሜሪካ ነው፤ የሠራው አርክቴክቱ ሃዋርድ ጋርንስ ይባላል። ኒኮሊ የተባለው አሳታሚ በ1984 ወደ ጃፓን ወሰደው። ሒሳብ ደግሞ የለበትም፤ የሚደመር የሚቀነስ የለም። ቁጥሮቹን አውጥቶ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ቀ ማስገባት ይቻላል፤ ተቆጥረው ዘጠኝ ናቸው። እኔ ከ፩ እስከ ፱ በግእዝ ቁጥር ሠርቼ ልኬው፣ ሱዶኩን ያልወደዱ ቁጥሩን ወደውት ነበር።

«እንቆቅልሽ የሚፈታ ሰው አእምሮው ይሰፋል፣ አይረሳም»

እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 11,430 ሰዎችን ለስድስት ሳምንት በኮምፒውተር የአእምሮ ልምምድ አሠራቸው። በተለማመዱት ጨዋታ ጎበዙ። ወዳልተለማመዱት ሲሻገሩ ግን፣ ተቀራራቢ የሆነው ላይ እንኳ፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። መስቀለኛ ቃል የሚያዘወትር መስቀለኛ ቃል ይጎብዛል። እኔ ምስክር ነኝ፤ በሳምንት ስድስት እንቆቅልሽ ሠርቼ የሱቁን ቁልፍ ያልረሳሁበት ሳምንት የለም።

«ፍንጭ መጠየቅ ውርደት ነው»

ይህን የሚሉት ልጅ ሆነው እሳት ዳር ያልተቀመጡ ናቸው። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ብሎ የሚጀመረው ጨዋታ መሸነፊያም አለው። ያቃተው ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ይሰጣል፤ ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ እንዳሻው በልቶ ጠጥቶ፣ የሰጠውንም ትንሽ ቀልዶበት፣ መልሱን ይናገራል። መሸነፉ ራሱ የጨዋታው ግማሽ ነው። በእኛ ግሩፕ ፍንጭ የፈለገ አገር ይሰጣል። ኮምቦልቻዎች ሁሌ የሚሰጡት ደሴን ነው፣ «ከነጉሙ ውሰደው» እያሉ። እኛ ጎንደርን ሰጥተናል፣ ሐረርን ሰጥተናል፣ አንድ ጊዜ አዲስ አበባን ሰጥተናል። ኮምቦልቻን ግን ሰጥተን አናውቅም፤ ብርዱ ሲጠናብን የት ልንወርድ?