መጋቢት 29 እና የቅዱስ ገብርኤል ቃል

ወዳጆቼ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ዐቢይ ጾም ላይ ሆነን ሳናስተውላት የምታልፈን አንዲት ቀን አለች፤ መጋቢት 29። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህች ቀን ዓለም መፈጠር እንደጀመረ፣ ጌታችን በእመቤታችን ማኅፀን እንደተፀነሰ፣ ሞትንም ድል አድርጎ እንደተነሣ ታስተምራለች። ሊቃውንቱ ጥንተ ፍጥረት፣ ጥንተ ፅንሰት፣ ጥንተ ትንሣኤ ይሏታል።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ዕለቱ እሑድ ነው። መላእክት ተፈጥረዋል፣ ብርሃን ግን ገና ነው። ፈጣሪያቸውን ስላላዩት «ማን ፈጠረን?» ተባባሉ። ሳጥናኤልም በክብር ከፍ ብሎ ነበርና «እኔ ፈጠርኋችሁ» አለ። ግማሹ አመነው፣ ግማሹ ተጠራጠረ። ቅዱስ ገብርኤል ድምፁን ያሰማው ያን ጊዜ ነው፦ «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ»፤ አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት ጸንተን እንቁም። «ብርሃን ይሁን» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። እኔን የሚገርመኝ ገብርኤል ያላለው ነገር ነው። «ፈጣሪያችን ይኸውላችሁ» አላለም፤ እሱም ገና አላየውም ነበር። ቦታችሁን አትልቀቁ ብቻ ነው ያለው። ጨለማ ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ብዙ ጊዜ የሳጥናኤል ድምፅ ነው። ልጅ ታሞ መድኃኒት እንቢ ሲል፣ ሥራ ጠፍቶ የቤት ኪራይ ሲደርስ፣ «እኔ ጋ መፍትሔ አለ» የሚል አይጠፋም። ስንቱ ጸበሉን ትቶ ጠንቋይ ቤት የገባው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው!

5500 ዘመን ሲፈጸም ያው መልአክ፣ በዚያው ቀን፣ ወደ ናዝሬት ተላከ። አባቶች «መላእክትን ስላጸና ለብሥራት ተመረጠ» ይላሉ። እመቤታችን «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብላ ጠየቀች፤ ሰምታም «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» አለች። በመጀመሪያው መጋቢት 29 «ይሁን» ያለው እግዚአብሔር ነበር። በዚህኛው ግን የአንዲት ብላቴና «ይሁንልኝ» እስኪሰማ ጠበቀ። ይህን ትሕትና ሳስብ ቃል ያጥረኛል።

እግረ መንገዴን፦ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ብትቆጥሩ 9 ወር ከ5 ቀን ነው፤ አምስቱ ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 6 ስትሆን በሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 የሚውለውም ይህ ቁጥር እንዳይዛነፍ ነው።

ታዲያ ይህን የሚያህል ቀን ለምን በዝምታ ያልፋል? ጾሙ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጽናጽል ይቀመጣሉ፤ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ የጾሙን የዜማ መጽሐፍ፣ ጾመ ድጓውን፣ ይዘምማሉ። ስለዚህ የጥልጥልያው (በስፔን ያለችው የቶሌዶ) ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ደቅስዮስ የብሥራቱን በዓል ከልደት ሰባት ቀን አስቀድሞ ታኅሣሥ 22 እንዲከበር አደረገ፤ እኛም እስከ ዛሬ እናከብረዋለን። ትንሣኤም በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የበዓላት ማውጫ ቀመር፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ይመላለሳል። አልፎ አልፎ ግን ከጥንቱ ቀን ጋር ይገጥማል። በ1983 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ልክ መጋቢት 29 ነበር፤ አገሩ ገና ጦርነት ላይ ሳለ።

ወደ መቃብሩ እንምጣ። ዮሐንስ በወንጌሉ 20ኛ ምዕራፍ መግደላዊት ማርያም የመጣችው «ገና ጨለማ ሳለ» እንደሆነ ይነግረናል። ጴጥሮስና ዮሐንስ ሮጠው መጡ፣ ባዶውን መቃብር አዩ፣ ወደ ቤታቸውም ተመለሱ። እሷ ግን ከመቃብሩ ውጭ እያለቀሰች ቆማ ነበር። ምን እንደምትጠብቅ አታውቅም። ሥጋውን ወስደውታል ብላ ነው የምታምነው። ግን አልሄደችም። የተነሣውን ጌታ ቀድማ ያየችው፣ በስሟ የተጠራችው እሷ ናት። የገብርኤልን ቃል በእግሯ ፈጸመችው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ዛሬ ጨለማ ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይ በዓረብ አገር በሰው ቤት ሆናችሁ ቅዳሴ ሳትሰሙ ብቻችሁን የምትጾሙ እህቶቼ፣ ብርሃኑ ስላልታያችሁ እምነታችሁ የጎደለ አይምሰላችሁ። ገብርኤልም አላየም ነበር። የለመዳችኋትን ውዳሴ ማርያም አትተዉ፤ ድካም ሲበዛ «አቡነ ዘበሰማያት» ብቻ በሉ።

መጋቢት 29 ስትደርስ ደግሞ ጠዋት ወደ ሥራ ሳትገቡ ሦስት ንባብ አንብቡ፦ ዘፍጥረት 1፥1-5፣ ሉቃስ 1፥26-38፣ ዮሐንስ 20፥1-18። ልጆች ካሏችሁ አንዱን እነሱ ያንብቡላችሁ።