ዳሜጅ ኮንትሮል ሰርጀሪ ምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ላይ የተገለበጠ ሚኒባስ ውስጥ የነበረ ወጣት አለ እንበል። ጉበቱ ተሰንጥቋል፣ አንጀቱም ተበስቷል። ደሴ ሪፈራል ደርሶ ኦፕራሲዮን ክፍል ከገባ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል ሐኪሙ ብቅ ይልና፣ «ደሙን አቁመናል። አንጀቱን ግን ገና አልቀጠልነውም፣ ሆዱንም አልሰፋነውም፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እንመለስበታለን» ይላል። ኮሪደር ላይ የቆመው ቤተሰብ ይደነግጣል። ተስፋ ቆረጡበት? ዕቃ አጡ? ክፍቱን ትተውት ይወጣሉ እንዴ?

አንዱም አይደለም። ሐኪሙ የሠራው ዳሜጅ ኮንትሮል ሰርጀሪ የሚባለውን ነው፦ አሁኑኑ የሚገድለውን ብቻ አስቁሞ፣ ቀሪውን ጥገና ሰውነት እስኪጠነክር ሆን ብሎ ማቆየት።

ምክንያቱ ብዙ ደም በፈሰሰው ሰው ውስጥ የሚነሳ ክፉ አዙሪት ነው። ደም ሲያንስ ኦክሲጅን ያንሳል፤ ኦክሲጅን ያጣ አካል ደግሞ አሲድ ያመርታል፣ ሙቀት ማመንጨትም ያቅተዋል። ደምን የሚያረጉት ፕሮቲኖች በደንብ የሚሠሩት 37 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ሰውየው ሲቀዘቅዝና ደሙ አሲድ ሲሆን መርጋቱ ይዳከማል። ስለዚህ የበለጠ ይደማል፤ የበለጠ ሲደማ የበለጠ ይቀዘቅዛል። ባለሙያዎች ቅዝቃዜን፣ አሲድንና የደም አለመርጋትን አንድ ላይ ገዳዩ ሦስትዮሽ ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ በ71 ከባድ ጉዳተኞች ላይ የታተመ ጥናት፣ የውስጥ ሙቀታቸው ከ32 ዲግሪ በታች ከወረደው ውስጥ አንድም ሰው እንዳልተረፈ አሳይቷል።

ይህ ለእኛ አገር ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። ቆላው ላይ በስስ ሸሚዝ የተጎዳ ሰው፣ ልብሱ በደም ርሶ፣ በክፍት ፒካፕ ዳገቱን ሲወጣ ገና ሆስፒታል ሳይደርስ በርዶታል። ከዚያ ሆዱ ተከፍቶ ሦስትና አራት ሰዓት ቢቆይ፣ በላዩም ያልሞቀ ግሉኮስ ቢወርድበት፣ ስፌቱ ያማረ ሆኖ ሰውየው ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው እርጥቡን ልብስ ቶሎ አውልቆ በደረቅ ብርድ ልብስ ወይም በጋቢ መጠቅለል ትልቅ ሕክምና የሚሆነው፤ ይህን ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ሊያደርገው ይችላል።

አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የሚደማው ሥር ይታሰራል፣ ጉበቱ ዙሪያ ትልልቅ ጎዝ (ደም የሚመጥ ንጹሕ ጨርቅ) ተጠቅጥቆ ይታፈናል፣ የተበሳው አንጀት ዐይነ ምድር እንዳያፈስ ይዘጋል፣ ሆዱም ሳይሰፋ በጊዜያዊ ሽፋን ይሸፈናል። ቀጥሎ በሽተኛው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ይሞቃል፣ ደም ይሰጠዋል፣ በማሽን ይተነፍሳል። ሲረጋጋ፣ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ውስጥ፣ ጎዙ ወጥቶ እውነተኛው ጥገና ይሠራል።

ስሙን ከባሕር ኃይል ወስደው ያስለመዱት እ.ኤ.አ. በ1993 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ናቸው። ባወጡት ጥናት፣ ትልቅ የደም ሥርና በርካታ የሆድ ዕቃ ከተጎዳባቸው ሰዎች መካከል በዚህ መንገድ ከታከሙት 13 ሰዎች 10ሩ ተረፉ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ከተጠገነላቸው 9 ሰዎች ግን የተረፈው 1 ብቻ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ዓለም ላይ የከባድ ጉዳት ቀዶ ሕክምናን አካሄድ ቀየረ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ሌላውን ጎን አሳይተዋል፦ ሳያስፈልገው ሆዱ ክፍት የተተወ ሰው ለኢንፌክሽንና ለሆድ ቡአ ይጋለጣል። በእኔ እምነት የሐኪሙ ትልቁ ችሎታ ማንን በአንድ ጊዜ ጨርሶ፣ ማንን በይደር እንደሚተው መለየቱ ላይ ነው።

በወሎ ሁኔታ ሁለተኛው ደረጃ ነው የሚከብደው። የጽኑ ሕሙማን አልጋ፣ መተንፈሻ ማሽንና ደም ከሌለ የመጀመሪያው ሥራ ከንቱ ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የሆስፒታሉ ዕቃ ሲዘረፍ የጠፋው ይህ አቅም ጭምር ነው። ደም ደግሞ በፋብሪካ አይመረትም፤ ደም ባንክ የሚገባው ከእኛው ክንድ ነው።

ዘዴው ለወረዳ ሆስፒታልም ይጠቅማል። እዚያ ያለው ባለሙያ ጉበት መጠገን ባይችል እንኳ ሆድ ከፍቶ በጎዝ አፍኖ ወደ ደሴ ሪፈር ማለት ይችላል። ያኔ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ስንት ጎዝ ውስጥ እንደቀረና በስንት ሰዓት እንደገባ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ጎዝ ከሦስት ቀን በላይ ሲቆይ ኢንፌክሽኑ ይበረታልና። አስታማሚም አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊት «ስንት ጎዝ ውስጥ አለ? እዚህ ላይ ተጽፏል?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ማንም ሐኪም አይቀየምም።