«በሼክስፒር ዘመን መድረኩ ባዶ ነበር» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን የእንግሊዝ ቴአትር በእኛ አገር በዋናነት የሚታወቀው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሷቸው የሼክስፒር ሥራዎች፣ በተለይም በ«ኦቴሎ» እና በ«ሐምሌት» አማካይነት ነው። ተውኔቶቹ መወደዳቸው መልካም ሆኖ ሳለ፣ ስለተጫወቱባቸው ቤቶችና ስለተጫወቷቸው ሰዎች ግን ከመማሪያ ክፍል እስከ ልምምድ አዳራሽ የሚነገረው ነገር አብዛኛው ምንጩ የማይታወቅ ወሬ ነው። የቴአትር ታሪክ የሚያስተምር ሰው ይህን ወሬ በየዓመቱ ከአዳዲስ ተማሪዎች ሲሰማ ሥራው ነውና ይችለዋል፤ ለዝግጅቱ ድህነት ማሳበቢያ ከሚያደርገው አዘጋጅ አፍ ሲሰማው ግን ትዕግሥቱ ያልቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥቃቅኖቹን አስቀድሜ ላሰናብታቸው። የሼክስፒር ታላላቅ ሥራዎች በሙሉ የኤልሳቤጥ ዘመን ውጤቶች አይደሉም፤ ንግሥቲቱ በመጋቢት 1603 ሲያርፉ «ንጉሥ ሊር» እና «ማክቤዝ» ገና አልተጻፉም ነበር፤ «ኦቴሎ»ም በቤተ መንግሥት መታየቱ የተመዘገበው በ1604፣ በንጉሥ ጄምስ ዘመን ነው። ንግሥቲቱ የሼክስፒር ቡድን ይጫወትበት ወደነበረው ግሎብ ቴአትር ቤት ድረስ እየሄዱ ቴአትር ያዩ ነበር ለሚባለውም ማስረጃ የለም፤ ተዋናዮቹ ናቸው፣ በተለይ በገና ሰሞን፣ ወደ ቤተ መንግሥት እየተጠሩ ይጫወቱ የነበሩት። ግሎብም የሼክስፒር የግል ንብረት አልነበረም፤ በ1599 ሲሠራ ግማሹ ድርሻ የወንድማማቾቹ የከዝበርትና የሪቻርድ በርቤጅ ሲሆን፣ ቀሪው ግማሽ ሼክስፒርን ጨምሮ ለአምስት ተዋናዮች የተከፋፈለ ነበር። በቲማቲም ተወገሩ ስለሚባሉት ተዋናዮች ደግሞ፣ ቲማቲም በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የዕፅዋት አዋቂዎች በአትክልት ቦታቸው የሚያሳዩት ብርቅ ተክል እንጂ ከገበያ በቅርጫት የሚሸመት ነገር አልነበረም ማለት ይበቃል።

ሴት መድረክ ላይ እንዳትወጣ የሚከለክል ሕግ ነበር የሚለው ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ አዋጅ አይታወቅም። የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ልጆች ይጫወቱ የነበረው በልማድ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን በኢጣልያ ሴት ተዋናዮች መድረክ ላይ ስማቸው የገነነ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ልማዱ የተለወጠው ከ1660 በኋላ ነው። ልጆቹም ቀሚስ ለብሰው ሰው የሚያስቁ አልነበሩም። ከአንድ አንጋፋ ተዋናይ ሥር ለዓመታት እየኖሩ ድምፅን፣ አካሄድንና ውዝዋዜን ይማሩ ነበር፤ ጁልየትን የሚያህል ሸክም የተሰጠው ለእነርሱ ነው። በተመልካቹ መካከል ደግሞ ሴቶች በብዛት ነበሩ።

«ቴአትር የጨዋ፣ የድብ ማባላት የባለጌ መዝናኛ ነበር» የሚለው ክፍፍል የእኛ ዘመን ፈጠራ ነው። በቴምዝ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ባንክሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ ሮዝ፣ ስዋንና ግሎብ የተባሉት ቴአትር ቤቶች የቆሙት ድቦች በሰንሰለት እንጨት ላይ ታስረው ውሾች ከሚለቀቁባቸው አጥሮች አጠገብ ነው፤ የሚጎርፈውም ሕዝብ ያው ነበር። ድብ ማባላቱን ራሳቸው ንግሥቲቱ ይወዱት ነበር፤ በ1559 የፈረንሳይ መልእክተኞችን ያስተናገዱት በዚሁ ትርኢት ነው። በጥር 1583 በአንድ እሑድ የድብ መጫወቻው መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሲያልቅ ሰባኪዎች የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ቢሉም፣ ሕዝቡ ግን አልቀረም። ቴአትሩም ቢሆን በለቅሶ ብቻ አያሰናብትም ነበር፤ ቶማስ ፕላተር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ በመስከረም 1599 ስለ ዩልየስ ቄሣር የተሠራውን አሳዛኝ ተውኔት አይቶ፣ ቄሣር ከተገደለና ሁሉ ካለቀ በኋላ ሁለቱ በወንድ፣ ሁለቱ በሴት ልብስ ሆነው ተዋናዮቹ ግሩም ጭፈራ እንዳሳዩ ጽፏል። ይኸው ሰው የመግቢያውን ዋጋም ነግሮናል፤ ቆሞ የሚያይ አንድ ፔኒ፣ መቀመጥ የሚሻ ሌላ ፔኒ፣ ትራስ የሚፈልግ ሦስተኛ ፔኒ ይከፍላል። አንድ የእጅ ባለሙያ በቀን አንድ ሺሊንግ፣ ማለትም 12 ፔኒ ገደማ ያገኝ ስለነበር፣ አንድ ፔኒ ብዙ ሰው የሚችለው ዋጋ ነው፤ ተመልካቹ ግን ሥራ ፈት ብቻ እንዳልነበረ የትራሱ ፔኒ ራሱ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «በሼክስፒር ዘመን እኮ መድረክ ላይ ምንም አልነበረም፤ ቃል ብቻ ነበር» የሚለውን አባባል ያልሰማ የቴአትር ሰው የለም። በአንድ ወቅት አስተያየት እንድሰጥ ተጋብዤ ባየሁት የ«ሐምሌት» ዝግጅት፣ የዴንማርክ ንጉሥም ሆነ መቃብር ቆፋሪው ያንኑ ጥቁር ካናቴራና ያንኑ ጂንስ ለብሰው ስለወጡ፣ ከጎኔ የተቀመጡ ሰው ማን ለማን እንደሚሰግድ እስኪገባቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ከዝግጅቱ በኋላ አዘጋጁን ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ይኸው የፈረደበት «ባዶ መድረክ» ነበር። ተዋናዮችን በዘመናቸው ልብስ ማሰለፍ ነውር የለበትም፤ የኤልሳቤጥ ዘመን ተዋናዮችም ሮማዊውን ሳይቀር በአብዛኛው በራሳቸው ዘመን ልብስ ነበር የሚጫወቱት። ልብስ የለም ማለት ግን ሌላ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ አንድ ሥዕል ይመስለኛል። ዮሐንስ ደ ዊት የተባለ ሆላንዳዊ በ1596 ገደማ ስዋን ቴአትር ቤትን ጎብኝቶ የነደፈው፣ በጓደኛው ቅጂ የደረሰን ንድፍ፣ ሁለት ምሰሶ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ሦስት ተዋናዮች ብቻ ያሳያል። መጽሐፍ ሁሉ ሥዕሉን ያትማል፤ ደ ዊት ራሱ ስለ ቤቱ የጻፈውን ግን የሚያነብ ጥቂት ነው። እነዚያ የእንጨት ምሰሶዎች እብነ በረድ እንዲመስሉ በጥበብ ከመቀባታቸው የተነሣ አስተዋዩን ሰው ሳይቀር ሊያታልሉ እንደሚችሉ ይናገራል።

እርግጥ ነው፣ በየትዕይንቱ የሚለዋወጥ በቀለም የተሠራ የመድረክ ገጽታም፣ የፊት መጋረጃም፣ መብራትም አልነበረም። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ በቀን ብርሃን ስለሆነ ሌሊት መሆኑ የሚታወቀው ተዋናዩ ችቦ ይዞ ሲገባ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን የሚታይ ነገር አልነበረም ማለት አይቻልም። የሮዝ ባለቤት ፊሊፕ ሄንዝሎው የአድሚራሉ ተዋናዮች የሚባለውን ቡድን ንብረት በ1598 ሲያስመዘግብ በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ዐለት፣ አንድ መቃብር፣ አንድ የሲኦል አፍ፣ የወርቅ ፖም ያለው ዛፍ፣ አንድ ድስት፣ ከዚያም አልፎ «የሮም ከተማ» ይገኝበታል። ለመሰወር የሚለበስ ካባም ገዝተዋል፤ ተዋናዩ ያን ሲደርብ ተመልካቹ እንዳላየው ይስማማ ነበር ማለት ነው። በሞሮኮ ስለተደረገ ጦርነት በሚተርክ ተውኔት የመድረክ ማስታወሻ ላይ ለአንድ ትዕይንት ሦስት ብልቃጥ ደምና የበግ ሆድ ዕቃ ታዟል።

ትልቁ ወጪ ደግሞ ልብስ ነበር። በሄንዝሎው ወረቀቶች ውስጥ እጅጌው በብርና በወርቅ የተጠለፈ አንድ ጥቁር የከፈይ ካባ 20 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ተመዝግቦ ይገኛል (አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ ነበር)፤ ከላይ ባልነው የቀን ገቢ ቢሰላ የአንድ ባለሙያ ከ400 ቀን በላይ ድካም ነው። በ1603 መጀመሪያ ቶማስ ሄይውድ ለአንድ ሙሉ ተውኔት 6 ፓውንድ ሲከፈለው፣ የዚያው ተውኔት ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ ለምትለብሰው ጥቁር የከፈይ ቀሚስ 6 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ወጥቷል። ከደራሲው ቀሚሱ በልጧል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጉድለት የሚሸፍን መብራት በሌለበት፣ ተመልካች በሦስት ወገን ከብቦ ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ክንዱን አስደግፎ በሚያይበት ቤት፣ የውሸት ከፈይ ወዲያው ይታወቃል።

ገንዘብ የለንም የሚለኝ አዘጋጅ እንግዲህ ከእነርሱ የሚማረው ባዶነትን ሳይሆን ብልሃትን ነው። ፕላተር እንደጻፈው መኳንንት ሲሞቱ ልብሳቸውን ለአገልጋዮቻቸው ያወርሱ ነበር፤ አገልጋዮቹም መልበሱ ስለማይገባቸው በርካሽ ለተዋናዮች ይሸጡት ነበር። እናንተም ሳልባጅ ተራ ውረዱ። ለመድረኩ ጣውላና ቀለም የመደባችሁትን ቀንሱና በመጀመሪያ ንጉሡንና ንግሥቲቱን አልብሱ፤ ጨርቁን ከመግዛታችሁ በፊት ደጅ አውጥታችሁ በፀሐይ እዩት፤ ጫማ አትርሱ፤ ልብሱም ለልምምድ ቀደም ብሎ ይድረስ፣ ረጅም ካባ ለብሶ መቀመጥ በአንድ ቀን አይለመድምና። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጠብቁት። ንግሥቲቱ ካረፉ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1614፣ ሄንዝሎው ሮበርት ዶውስ ከተባለ ተዋናይ ጋር በተዋዋለው ውል ለልምምድ የሚዘገይ 12 ፔኒ፣ በጨዋታ ሰዓት ሰክሮ የሚገኝ 10 ሺሊንግ ይቀጣል፤ የቡድኑን ልብስ እንደለበሰ ከቴአትር ቤቱ የሚወጣ ግን 40 ፓውንድ ይከፍላል። የመድረክ ጫማ ለብሰው ወደ ሰርግ የሚሄዱ ተዋናዮች ያላችሁ አዘጋጆች ይህን አንቀጽ ከነመጠኑ በውላችሁ ውስጥ ልታስገቡት ትችላላችሁ።